ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ አነባበብ

ስለ ጣዖት የተጻፈውን በቅዱሳት መጻሕፍት እየተከታተለ የሚያነብ ሰው ኹለት ዐይነት አጻጻፍ ያገኛል። አንደኛው በጣዖት የሚያፌዝ ነው፤ ኹለተኛው ለጣዖት አልሰግድም ያለውን ሰው ነገር የሚተርክ ነው። ኹለቱም የአንድ መንፈስ ሥራ ስለ ኾኑ አንዱን ከአንዱ የምናበላልጥበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን በስብከታችን፥ በቅኔያችንና በየጊዜው በሚታተሙት ትንንሽ መጻሕፍት ፊተኛው እጅግ በዝቶ ኹለተኛው ተመናምኖ ይታያል፤ ኹለተኛውም ቢነገር የሚነገረው ፍጻሜው ብቻ ነው። ይህን ለማሳየት በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ከምንሰማው ከሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝምና በእርሱ ላይ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

አስቀድመን የፌዙን ወገን እንይ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ44ኛው ምዕራፍ አንድ ጠራቢ ያመጣል። ጠራቢው ዛፍ ይቈርጣል፤ በግማሹ እሳት አንድዶ ይሞቃል፥ እንጀራ ይጋግራል፥ ሥጋ ይጠብሳል፤ ከተረፈው ግንድ ምስል ይጠርብና ተደፍቶ ይለምነዋል። ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለሚማረኩት ጻፈው የተባለው መልእክትም ከዚህ የበረታ ምላስ አለው። የጣዖቶቹ ፊት በቤቱ ጢስ መጥቈሩን፥ የሌሊት ወፍና ድመት በላያቸው መቀመጡን፥ ዐይናቸው ከሚገባው ሰው እግር በሚነሣው ትቢያ መሞላቱን አንድ በአንድ ይቈጥራል። የእነዚህ ጸሓፍት ጥበብ በዝርዝሩ ነው። ጣዖት ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ለማንም ይቻላል፤ ድመቷን በጣዖቱ ራስ ላይ ማስቀመጥ ግን የጸሓፊ ሥራ ነው።

ከዚህ ወገን በአሠራሩ የሚበልጠው በተረፈ ዳንኤል ያለው የቤል ታሪክ ነው። ለቤል በየቀኑ 12 መስፈሪያ መልካም ዱቄት፥ 40 በግና 6 ማድጋ ወይን ይቀርብለት ነበር፤ ማለዳም ገበታው ባዶ ኾኖ ይገኛል። ንጉሡ ቂሮስ ይህን ያህል የሚበላና የሚጠጣ አምላክ እንዴት ሕያው አይደለም ይላል ብሎ ዳንኤልን ቢጠይቀው ዳንኤል ሣቀ። ክርክር አላበዛም፤ በመቅደሱ ወለል ላይ ዐመድ አስነሰነሰ፥ በሩም ታተመ። ሲነጋ በዐመዱ ላይ የወንድ፥ የሴትና የሕፃናት እግር ታየ፤ ሰባው የቤል ካህናት ከነቤተ ሰባቸው ከገበታው በታች ባለው ስውር በር እየገቡ ሲበሉ ኖረዋል። አንድ እፍኝ ዐመድ የብዙ ስብከት ሥራ ሠራ። እኛ የቤተ ክህነት ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ሣቃችን ጥቂት ቈጠብ ያለ ሊኾን ይገባዋል፤ ገበታውን የበሉት ካህናት ናቸውና።

ነገር ግን ይህ ኹሉ ፌዝ ለማን ተጻፈ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተጻፈው ለምርኮኞች ነው። አገራቸው ጠፍቶ፥ ቤተ መቅደሳቸው ተቃጥሎ፥ በባዕድ ከተማ ጎዳና የወርቁና የብሩ አምላክ በትከሻ ተሸክመውት ሲያልፍ፥ ሕዝቡም በፊቱና በኋላው ሲሰግድ ለሚያዩ ሰዎች ነው። የኤርምያስ መልእክት ዝርዝሩን በቈጠረ ቍጥር እየተመለሰ አትፍሯቸው ማለቱ ስለዚህ ነው። በዚያ ቦታ ፌዙ ለፍርሃት መድኀኒት ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር በጉባኤ መካከል ቆሞ በቤልና በዳጎን የሚያፌዝ ሰባኪ ማንን ከምን ፍርሃት ያድናል? ከሰሚዎቹ ቤልን የሚፈራ አንድ ሰው የለም። ጉባኤው ይሥቃል፥ ሰባኪውም ደስ ይለዋል፥ ኹሉም እንደ መጣ ይመለሳል።

ይህን የተረዱ ሌሎች ሰባክያን ደግሞ ነገሩን ወደ ዘመናችን እናምጣው ብለው ያዩትን ኹሉ ጣዖት ይሉታል። ገንዘብ ጣዖት ነው፤ ሹመት ጣዖት ነው፤ የእግር ኳስ ጨዋታ፥ የእጅ ስልክ፥ ልብስ፥ ምግብ ኹሉ ጣዖት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጐምጀትን አምልኮ ጣዖት እንዳለው እናውቃለን። ሐዋርያው ግን ይህን ስም የሰጠው ከቈጠራቸው ኃጢአቶች ለአንዱ ነው፥ ስሙንም ያለ ምክንያት አልበተነውም። ኹሉ ነገር ጣዖት ከተባለ ቃሉ ክብደቱን ያጣል፤ ሰሚውም በብዛቱ ተሰላችቶ አንዱንም ሳይተው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ስብከት ለጆሮ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥራው ያው ፌዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ኹለተኛው አጻጻፍ እንምጣ። ትንቢተ ዳንኤል 3ኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በልክ ነው። ምስሉ ቁመቱ 60 ክንድ፥ ወርዱ 6 ክንድ ነው፤ የቆመውም በባቢሎን አውራጃ በዱራ ሜዳ ነው። የማን ምስል እንደ ኾነ ግን ጸሓፊው አልተናገረም። የንጉሡ ይኹን የአምላኩ ይኹን ዝም ብሎ አልፎታል። ከዚህ አስቀድሞ ባለው ምዕራፍ ንጉሡ ናቡከደነፆር በሕልሙ አንድ ምስል አይቶ ነበር፤ ራሱ ወርቅ፥ ደረቱና ክንዱ ብር፥ ሆዱና ጭኑ ናስ፥ ቅልጥሙ ብረት፥ እግሩ ከብረትና ከሸክላ የተቀላቀለ ነው። ዳንኤልም የወርቁ ራስ ንጉሡ እንደ ኾነ፥ ከእርሱም በኋላ ሌሎች መንግሥታት እንደሚነሡ ተረጐመለት። በ3ኛው ምዕራፍ ግን ንጉሡ ያቆመው ምስል የወርቅ ምስል ነው። ብር የለበትም፤ ናስ የለበትም፤ ሸክላ የለበትም። ጸሓፊው ንጉሡ ትርጓሜውን ጠላው ብሎ አልጻፈም፤ ኹለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አቁሞ ለአንባቢው ተወለት።

የዱራው ጣዖት ከምን ተወለደ ቢሉ እንግዲህ ከድንቍርና አልተወለደም። ንጉሡ የእግዚአብሔርን ቃል ሰምቷል፤ በሰማም ጊዜ በዳንኤል ፊት በግምባሩ ተደፍቷል። ጣዖቱ የተወለደው ከሰማው ቃል ደስ ያለውን ይዞ ደስ ያላለውን ከመተው ነው። ይህ ነገር ከእስራኤልም ወገን ደርሷል። ሳኦል አማሌቅን እንዲያጠፋ በታዘዘ ጊዜ የተናቀውን ከብት አጠፋ፥ የሰባውን በግና በሬ ግን ለመሥዋዕት ነው ብሎ አስቀረ፥ ንጉሡን አጋግንም ማረው። ነቢዩ ሳሙኤል እልከኝነቱን ከጣዖት አምልኮ ጋር አስተካክሎ ሲገሥጸው በሳኦል ሰፈር አንድ ስንኳ የተጠረበ ምስል አልነበረም። ጣዖት አምልኮና አለመታዘዝ በአንድ ቤት የሚኖሩ መኾናቸውን ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ቦታ አናውቅም፤ ይልቁንም አለመታዘዙ የመሥዋዕት ልብስ ለብሶ መምጣቱ።

ወደ ዱራ እንመለስ። በዚህ ምዕራፍ የመኳንንቱ ማዕርግ በተከታታይ ቍጥሮች ኹለት ጊዜ ተራ በተራ ይጠራል፤ የዜማ ዕቃዎቹ፥ መለከቱ፥ እንቢልታው፥ መሰንቆው፥ በገናው፥ አራት ጊዜ ይዘረዘራሉ፤ ምስሉም ደጋግሞ ንጉሡ ያቆመው ይባላል። ይህ ድግግሞሽ የሚሰለቻቸው አንባብያን አሉ፤ ንባቡን ለማሳጠር የሚዘሉትም አሉ። የሚዘሉት ግን የታሪኩን እስትንፋስ ነው። ድግግሞሹ የዐዋጅ ነጋሪው ድምፅ ነው። መኳንንቱ ይጠራሉ፥ ይመጣሉ፤ ዜማው ይሰማል፥ ይወድቃሉ። ምስሉ አምላክ መኾኑን ለማስረዳት አንድ ቃል የተናገረ የለም፤ ታምናላችሁን ብሎ የጠየቀም የለም። በዚያ ሜዳ የሚሰግደው ጕልበት ነው፥ ልብ የት እንዳለ ግድ ያለው ሰው አይታይም። ምናልባት ከወደቁት መኳንንት ብዙዎቹ በልባቸው ሥቀው ይኾናል። በጣዖት መሣቅ ለጣዖት ከመስገድ እንደማያድን ከዚህ እንረዳለን፤ ስለዚህም ነው የፌዙ አጻጻፍ ብቻውን አይበቃም ያልነው።

አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል በዚህ መካከል ምን አደረጉ? ምስሉን አልሰበሩም፤ በሕዝቡም ፊት ስብከት አላሰሙም። ጌዴዎን የበዓልን መሠዊያ በሌሊት አፍርሷል፤ እርሱ ግን እንዲያፈርስ ታዞ ነው። ሦስቱ ወጣቶች በዳንኤል ልመና በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ የንጉሡ ሹማምንት ናቸው፤ የመንግሥቱን ሥራ ይሠራሉ፥ ንጉሡንም በክብሩ ይጠሩታል። በአንድ ነገር ብቻ አልታዘዙም። እነዚህን ወጣቶች በመንግሥት ላይ የተነሡ ዐመፀኞች አድርገው የሚያቀርቧቸው አንዳንድ አዳዲስ ጽሑፎች ንባቡን አላዩም ማለት ነው። እንቢታቸው ክብደት ያገኘው በሌላው ኹሉ ታዛዦች ስለ ነበሩ ነው።

አኹን ወደ ዋናው ቦታ ደረስን። ንጉሡ አስጠርቷቸው ሌላ ዕድል ይሰጣቸዋል፤ ዜማውን ስትሰሙ ብትሰግዱ መልካም፥ ባትሰግዱ ወደ እቶን ትጣላላችሁ፥ ከእጄስ የሚያድናችሁ አምላክ ማን ነው ይላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ንጉሡ ለአምላክነት መለኪያ አውጥቷል፤ ያዳነ አምላክ ነው፥ ያላዳነ አምላክ አይደለም። ወጣቶቹ ደፋሮች ብቻ ቢኾኑ ኖሮ መለኪያውን ተቀብለው፥ የእኛ አምላክ ያድናል፥ ታያለህ ብለው በተወራረዱ ነበር። እነርሱ ግን አስቀድመው በዚህ ነገር ልንመልስልህ አያስፈልገንም አሉት። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግራቸው ሦስት ደረጃ አለው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ያድነናልም፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም። በመጀመሪያው ኀይሉን መሰከሩ፥ በኹለተኛው ተስፋቸውን ተናገሩ። በሦስተኛው የንጉሡን መለኪያ ከእጁ ነጥቀው ጣሉት። ማዳኑና አለማዳኑ በአምላክነቱ ላይ አንዳች የማይጨምር የማይቀንስ ከኾነ ንጉሡ የሚያስፈራራበት ምን ቀረው?

ባያድነንም ማለት ጥርጥር ነው፥ ሃይማኖታቸውን ያሳንሳል ብለው የሚያፍሩበት ሰዎች ገጥመውናል። እንዲህ ያለው አስተያየት ከንባቡ ጋር አይስማማም። ስለ ኀይሉ ይችላል ብለው ጨርሰዋል። ያልወሰኑት ፈቃዱን ነው፥ ፈቃዱን መወሰን ደግሞ የባሪያ ሥራ አይደለም። ለእግዚአብሔር እንዲህ ታደርጋለህ ብሎ ፈቃዱን የሚወስንለት ሰው በእጁ የሠራውን ምስል ከሚያዝዘው ጠራቢ በምን ይለያል?

ከዚህ ወዲያ ያለውን ኹሉም ያውቀዋል። እቶኑ ሰባት እጥፍ ነደደ፤ የጣሏቸውን ኀያላን ነበልባሉ ገደላቸው፤ ሦስቱ በእሳቱ መካከል ተፈትተው ሲመላለሱ ታዩ፥ ከእነርሱም ጋር አራተኛው፥ እርሱንም ትውፊታችን ቅዱስ ገብርኤል ይለዋል። እኛ ተአምሩን ማሳነስ አይቃጣንም፤ የምንነቅፈው አነባበቡን ነው። በታኅሣሥ 19 የሚሰማው ስብከት አብዛኛውን ጊዜ ለመልሳቸው ኹለት ቃል ሰጥቶ የቀረውን ሰዓት በእሳቱ ላይ ያሳልፋል። መደምደሚያውም እመኑ፥ እሳቱ አይነካችሁም የሚል ነው። ይህ መደምደሚያ የማን እንደ ኾነ ንባቡን ገልጦ ማየት ነው። ናቡከደነፆር ወጣቶቹ ከወጡ በኋላ ሥጋቸውን አሳልፈው መስጠታቸውን በእርግጥ አይቷል፥ ተናግሮታልም፤ ዐዋጁን ሲያወጣ ግን ምክንያት ያደረገው እንዲህ ሊያድን የሚችል ሌላ አምላክ የለም የሚለውን ነው። መለኪያው አልተለወጠም። በዚያው ዐዋጅ ይህን አምላክ የሚሳደብ ይቈራረጥ፥ ቤቱም ይፍረስ ብሎ አዘዘ። ንጉሡ የሚሰገድለትን ለወጠ እንጂ ማሰገጃውን አልለወጠም። ከተአምሩ ብቻ የሚጀምርና በተአምሩ ብቻ የሚፈጽም ስብከት ከወጣቶቹ ጋር ሳይኾን ከናቡከደነፆር ጋር ቆሟል።

ይህ የአነባበብ ጉዳይ ብቻ ቢኾን ለተማሪ ቤት ክርክር ትተነው ነበር። ነገር ግን ልጇ ታሞባት የተሳለች፥ የጾመች፥ ያለቀሰች፥ ከዚያም ልጇን የቀበረች እናት በዚያ ጉባኤ መካከል ቆማ ትሰማለች። እሳቱ አይነካችሁም የሚለው ቃል ለእርሷ ምን ይላታል? ከኹለት አንዱን ነው፤ ወይ እምነትሽ ጐደለ ይላታል፥ ወይ አምላክሽ አልቻለም ይላታል። ወጣቶቹ የተናገሩት ቃል ግን ለእርሷም ቦታ ነበረው። ሰባኪው የዘለለው ያንን ነው።

አዛርያም በእሳቱ መካከል ቆሞ የጸለየውን ብናይ ነገሩ የበለጠ ይገለጥልናል። ይህ ጸሎት ከጸሎተ ነቢያት ጋር በዳዊታችን መጨረሻ ስላለ ዳዊት የደገመ ልጅ ኹሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ በቃል የሚታወቅ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ያልፋል። ለጣዖት ያልሰገደው ሰው በእሳት ውስጥ ኾኖ ስለ መስገዳቸው በሰገዱት ላይ አንድ ቃል አይናገርም። በይበልጥ የሚናገረው ስለ ራሱ ወገን ነው፤ በድለናል፥ ትእዛዝህን አልጠበቅንም፥ ያመጣህብን ኹሉ በእውነተኛ ፍርድ ነው ይላል። አለቃ የለንም፥ ነቢይ የለንም፥ መሥዋዕት የምናቀርብበት ቦታም የለንም፤ የተሰበረ ልባችንን እንደ መሥዋዕት ተቀበለን ብሎ ይለምናል። መዳንንም ይለምናል። ግን የሚለምነው እንደ በደለኛ እንጂ ዋጋ እንደሚገባው ሰው አይደለም። ስለ ጣዖት የሚሰብክ ሰው የሌላውን ኃጢአት በሚቈጥርበት ጊዜ የአዛርያን ጸሎት ከፊቱ ቢያኖር ስብከቱ ያጥራል፥ ይለሰልሳልም ብለን እናስባለን።

አኹን ደግሞ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሌላው ዓለም ይልቅ የታደለችበትን አንድ መጽሐፍ እናምጣ። መጽሐፈ መቃብያን በግሪኩ ካለው የመቃብያን ታሪክ የተለየ ኾኖ፥ ሦስት መጽሐፍ ኾኖ በ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ይቈጠራል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚጀምረው ጺሩጻይዳን በሚባል ንጉሥ ነው፤ ስሙ ከጢሮስና ከሲዶና ስም የተገጣጠመ ይመስላል። ይህ ንጉሥ በፈረሱ ብዛትና በሠራዊቱ ጽናት ይመካል፤ ጣዖቶቹም ሃምሳ ናቸው፥ ሃያው በወንድ፥ ሠላሳው በሴት አምሳል። ናቡከደነፆር አንድ ትልቅ ምስል አቆመ፤ ይህኛው ትንንሹን አበዛ። ከብንያም ወገን የኾነ የመቃቢስ ልጆች፥ አብያ፥ ሲላና ፈንቶስ ከወንድሞቻቸው ጋር፥ ለእነዚህ አንሰግድም አሉ። እነርሱም ወደ እሳት ተጣሉ። ሞቱም። እሳቱ ሥጋቸውን አላጠፋውም፥ ነፍሳቸውን ግን ሰጡ።

በአጻጻፍ ቢመዘን መቃብያን እንደ ዳንኤል የተከማቸ አይደለም። ታሪኩን ጀምሮ ወደ ተግሣጽ ይገባል፥ ከተግሣጹ ወደ ጥንት ነገሥታት ታሪክ ያልፋል፥ የተወውን ነገር ደጋግሞ ያነሣል፤ አንባቢ የወንድማማቾቹን ነገር በእጁ ይዞ ብዙ ቅጠል መግለጥ አለበት። የዳንኤል ጸሓፊ ቃል ቈጣቢ ነው፤ የመቃብያን ጸሓፊ እንደ ሽማግሌ መካሪ ነው። ኾኖም ኹለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያገኛል። ሦስቱ ወጣቶች ባያድነንም ብለው በነገር ብቻ ያስቀመጡትን የመቃቢስ ልጆች በሥጋቸው አሳዩት። በአንዱ መጽሐፍ እሳቱ በረደ፤ በሌላው እሳቱ ገደለ፤ እንቢታው አንድ ነው። ሐዋርያውም በዕብራውያን መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ የእሳትን ኀይል ያጠፉትን ከጠራ በኋላ ሳይርቅ፥ መዳንን ሳይቀበሉ የተሠቃዩትን፥ በመጋዝ የተሰነጠቁትንና በሰይፍ የሞቱትን ይጠራል፤ ለኹለቱም አንድ ምስክርነት ይሰጣቸዋል። ታኅሣሥ 19 የሚሰብክ ሰው መቃብያንን ከዳንኤል ጎን ቢገልጥ ያችን እናት ባዶ እጇን አይሰዳትም።

በዚህ ላይ ስለ ስለት ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ ነገሩን የሸሸነው ይመስላል። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ ባሠሩት በቍልቢ ገብርኤል፥ በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ከየአገሩ፥ ከባሕር ማዶም ሳይቀር፥ ሕዝብ ይጐርፋል። ጥላ፥ ሻማ፥ ወርቅ፥ ገንዘብ ያስገባል፤ በስለት ያገኘውንም ልጅ አቅፎ ይመጣል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ሐናን ይንቀፍ። ሐና በሴሎ ልጅ ብትሰጠኝ ብላ ተሳለች፥ ሳሙኤልን ወለደች፥ ጡት በጣለም ጊዜ የተሰጣትን ያንኑ ልጅ መልሳ ለእግዚአብሔር ሰጠች። የሐና ስለት ከእጇ ያለውን በመስጠት አልተፈጸመም፤ የተቀበለችውን በመመለስ ተፈጸመ እንጂ። ቤልን ያመልኩ የነበሩት ግን በየቀኑ 40 በግ የሚያቀርቡት በግ የሚበላ አምላክ የባቢሎንን ነገር ያቃናል ብለው ነው። ጥላው አንድ ነው፥ ሻማው አንድ ነው፤ ያመጣው ሰው ግን ወይ ከሐና ጋር ወይ ከቤል ገበታ ጋር ነው። ይህን የሚለየው ዐመድ በመቅደሱ ወለል ላይ አይነሰነስም። ስለቱ ያልደረሰለት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ይህንም ጥያቄ ሰባኪው ከማንም አስቀድሞ ሊያነሣው ይገባው ነበር። ስለቱ የደረሰለት ሰው ሲመሰክር በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ያልደረሰለት፥ ዳግመኛም መጥቶ የሰገደ ሰው ግን ሲመሰክር አልሰማንም፤ አልተጠራምና።

በመጨረሻ ወደ ቅኔው እንምጣ፤ እኛን ይበልጥ የሚነካን እርሱ ነው። ቅኔ ከቀነየ የወጣ ቃል እንደ ኾነ ተማሪ ኹሉ ያውቃል፤ ቀነየ ገዛ ነው፥ ተቀንየ ተገዛ ነው። ስሙ መገዛት የኾነ ጥበብ ስለ መታዘዝ ከኹሉ በፊት መናገር ነበረበት። በዚህ በዓል የሚሰማው ቅኔ ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በእሳትና በጠል ላይ ይዞራል። ምክንያቱ ይገባናል። እሳት ለሰም ይመቻል፤ ጠል ይመቻል፤ የመልአኩ ክንፍ ይመቻል፤ ሰባት ጊዜ የነደደው እቶን ወርቅ አንጣሪው ሰሙን አፍስሶ ወርቁን የሚያስቀርበትን ምድጃ ያስታውሳልና ለባለ ቅኔ እጁ ድረስ የመጣ ስጦታ ነው። ባያድነንም የምትለው ቃል ግን ስም አይደለችም፥ ሥዕል የላትም፤ አሉታና ደቂቅ አገባብ የገባባት አንዲት ግስ ናት። ሰም ያላገኘ ባለ ቅኔ ዘሏት ቢያልፍ ብዙ አንፈርድበትም፤ ብዙ ጎበዛዝት ግን ሳይፈልጉ ማለፋቸው ያሳዝናል። ለቀላሉ ሰም የሚሰጠው ጭብጨባ ደግሞ ወጣቱን ባለበት ያስቀረዋል፤ ይህም የእኛ የመምህራኑ ዕዳ ነው።

በንባቡ ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ቦታ አለ። ንጉሡ መልሳቸውን ሰምቶ ፊቱ ተለወጠ፥ እቶኑንም ሰባት እጥፍ እንዲያነዱት አዘዘ። እቶን እንደ ታዘዘ ወዲያው አይነድም። እንጨቱ እስኪመጣ፥ እስኪጨመር፥ ነበልባሉ እስኪነሣ ድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ቃላቸውን ተናግረው የጨረሱት ሦስቱ ወጣቶችም በዚያ ጊዜ ኹሉ ከነልብሳቸው ቆመዋል፥ መልአኩም ገና አልታየም። መጽሐፉ የጊዜውን ርዝመት አልተናገረም፥ እርስ በርሳቸው የተነጋገሩትንም አልጻፈም።